ድምፄን ያዋስኳት እናት

ልጄ እንቁ፣

የአራዳው ጊዮርጊስ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ስለተሻለው ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ስቱዲዮው በእግሬ ነው የምወጣው።

በቲያትር ዘመኔ ያላገኘሁትን ትልቅ ሚና አሁን ሰጡኝ። በአንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ውስጥ እናትየዋን በአማርኛ የምናገርላት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ልጅ ማሳደግ አታውቅበትም፤ ቢሆንም አፏን ስትከፍት እከፍታለሁ፣ ስትዘጋ እዘጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ሠራሁልሽ። ልጇን ኤርፖርት ስትሸኝ፣ የልጅቷን ስም ትቼ «እንቁዬ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ አፏን ዘግታ እንኳ እኔ ማልቀሴን አላቆምኩም። አዘጋጁ ማቲዎስ፣ «እትዬ የሺ፣ ለቅሶው ግሩም ነው፤ ስሙን ብቻ እናስተካክል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ብርዱ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ፤ ምሳሽንም ሳትበዪ አትዋዪ። እመብርሃን በሰው አገር ሰው ታድርግሽ።

ስትደውዪ ሁልጊዜ «ደስ ብሎኛል እማ» ትዪኛለሽ። ድምፅሽም ያምራል። ግን እባክሽ፣ ከእንግዲህ በቪዲዮ ደውዪልኝ። ድምፅን ደስተኛ ማስመሰል የእናትሽ እንጀራ ነውና ፊትሽን ልየው።

እናትሽ የሺዓለም