ሳተላይቱ መርጦ ስለጣላት አስተርጓሚ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ስርጭት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ መሥሪያ ቤትዎ ስለ ሳተላይቱ ጤና ከሚነግረን በእጅጉ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። አርባ ዓመት ሙሉ የዓለሙን ወሬ የምታገኘው ከእኔ ጣቶች ነበር፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ግን መሥሪያ ቤትዎ በዜና ሰዓት ከስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ አንዲት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስላቆመልን፣ እርሷ ከእኔ ማጠቃለያ ነፃ ወጣች፣ እኔም ግማሹን ትደብቀኛለህ ከሚለው ክስ ተገላገልሁ። ካለፈው ወር ወዲህ አስተርጓሚዋ የለችም። ደውዬ ብጠይቅ «ችግሩ የሳተላይት ነው፤ ዲሽዎን ያሳዩ» ተባልሁ፤ ስለ ፈጣኑ ምላሽ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ልቤ አላርፍ ብሎኛል፦

፩ኛ. ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ ከቆመበት ንቅንቅ እንደማይል በምረቃው ዕለት ሁለት ሰዓት በፈጀው ንግግርዎ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ያን ያህል ርቆ ሳለ ዜና አንባቢውን ከነከረባቱ አድርሶ አንዲትን ሴት ብቻ መንገድ ላይ መጣሉ የሚደነቅ የማነጣጠር ችሎታ ነው።

፪ኛ. በምክራችሁ መሠረት የዲሽ ባለሙያ አስመጣሁ። ጣራ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ግራና ቀኝ ሲያዞር ካረፈደ በኋላ «አባባ፣ ምስሉ ጥርት ብሏል፤ የሌለ ሰው ግን በዲሽ አይመጣም» ብሎኝ ወረደ። እንደ እናንተ ባለሙያዎች የተማረ ስላልሆነ ላምነው አልደፈርሁም።

፫ኛ. እርሷ ትቆምበት በነበረው ጥግ ዛሬ የሳሙና ማስታወቂያ ተተክሏል፤ እርሱን ሳተላይቱ አንድም ቀን አልጣለውም።

እስከዚያው ወደ ቀድሞ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጣቶቼ በሪህ ተቆልምመው ምልክቱ ይሳከርብኛል። ትናንት የውሃ መቋረጥን ስነግራት ጎርፍ መስሏት፣ ጫማዎቻችንን ሁሉ አልጋ ላይ ስትደረድር አገኘኋት። ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን እርሷ ሳቋን አቁማ እጆቼን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች።

ለሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ የማይገባውንም ጨምሬ የማቀርብልዎ፣

ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት አራሚ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ መግለጫዎን ሲጨርሱ ድምፁ ተቋርጦ ምስሉ ጥቂት ቆይቶ ነበር፤ ፊትዎን ከካሜራው ሳይመልሱ ለምክትልዎ የሆነ ነገር ተናገሩ። አገሩ ሁሉ አልሰማም። ባለቤቴ ግን የዜና አንባቢው ሩጫ ቢያመልጣትም ፊት ለፊቷ ካለ ከንፈር አጭር ቃል ታነባለችና፣ «መስማት የማይችል ሰው ደውሎ አያስቸግረንም» ማለትዎን ነገረችኝ። የደወልሁት እኔ ነበርሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ግን እርሷ ናት።