ከሲዲው ይበልጣል ወይ ላልሽኝ

መንዝ፣ ዘመሮ
የካቲት 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የአዲስ አበባው ኑሮ እንዴት ይዞሻል? እኔ የጌጡ እናት ጉልበቴን ከሚይዘኝ ብርድ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። የጌጡ አባትም ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ብቻ እየባሰበት ሄዷል። ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን መታብን፣ በጎቹ ግን ተርፈውልናል። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ብዙ ጽፌ ስለማላውቅ እጄ ቀርፋፋ ነው። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ባለፈው እሑድ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ታግሰሽ አንብቢልኝ።

የላክሽው ፍላሽ በአውቶቡስ ሰው እጅ ደረሰኝ። ጌጡ ለገና ሰሞን ቤቱ ተቀምጦ የደረደረውን በገና ጓደኞቹ በሲዲ አድርገውት፣ ከሞተ በኋላ በአርባው ዕለት አንቺው አምጥተሽልኝ ነበር። አሁን ደግሞ፣ «ይሄኛው ኢንተርኔት ላይ ከጫኑት የወረደ ነው፣ ሳይቆረጥ እንደተቀዳ። ጥራቱ ከሲዲው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ውሸት ነው የሚሉም አሉ። እማማ፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው ልዩነቱን ይንገሩኝ» ብለሽ ጽፈሻል። እኔም አልኩ፦ ይህች ልጅ የድምፅ ነገር የተማረ ሰው በሞላበት ከተማ ተቀምጣ እኔን ምን ብላ ትጠይቀኛለች?

የሆዴን ልንገርሽ። አምና ጥር ላይ ጌጡ ደውሎ፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ፤ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለኝ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «በስልክ አይሆንም እማዬ» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ተገለበጠ። ለሞቱስ አለቀስኩ፣ አሁንም አለቅሳለሁ። ሳይነግረኝ የቀረው ነገር ግን እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። ታሞ ይሆን? ተቸግሮ ይሆን? ገዳም ሊገባ አስቦ ይሆን? ሲዲውን በሰማሁ ቁጥር ዜማውን ብቻ አልነበረም የምሰማው፤ በአውታሮቹ መሀል ያችን ነገር እፈልግ ነበር።

እናም ፍላሹን ይዤ ዘመሮ ወደ አባይነህ ሄድኩ፤ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ነው። ጎረቤቴ ኮከቤም የአንድ ለአምስቱን ስብሰባ ጥላ ተከተለችኝ። አባይነህ ፋይሉ ትልቅ ነው ሲላት ፍላሹን በጣቷ አንስታ፣ «ሲዲው የድስት ክዳን ያክላል፣ ይቺ የጣት ጫፍ አታክልም። ትልቋ እሷ ናት የምትለኝ? ሂድ ወዲያ!» አለችው።

አባይነህ ሁለቱን በአንድ ስፒከር እያፈራረቀ አሰማኝ። መጀመሪያ ፍላሿ ትበልጣለች አልኩ። አውታሩ አጠገቤ የመጣ መሰለኝ። ያን አውታር አውቀዋለሁ፤ ከእኛው በግ አንጀት የተገመደ ነው፣ አንጀቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አባይነህ ሳቀና፣ «እማማ፣ ይቺኛዋ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ የተሻለ ይመስላል። ቆይ ላስተካክለው» አለ። እኩል ሲያደርገው ልዩነቱ ጠፋኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ የቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ እየሰማሁ ስመልስ፣ አንዴ ሳገኝ አንዴ ስስት ቆየሁ። ኮከቤ ይሄን ጊዜ፣ «አንቺ፣ የወለድሽውን ልጅ ድምፅ መለየት አቃተሽ?» ብላ ተረበችኝ። «ሁለቱም እኮ እሱ ነው» አልኳት።

አባይነህ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ ሲዲው የሰው ጆሮ የሚችለውን ሁሉ ይይዛል። ፍላሿ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ትጨምራለች፤ እሱን ውሻ ይሰማው እንደሆነ እንጂ ሰው አይሰማውም። «እንግዲያው የኔን ውሻ ላምጣውና ይፍረደን» አለች ኮከቤ። ሳቅን። ጌጡ ከሞተ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፤ ደንግጬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሊያጠፋው ሲል፣ እስከ መጨረሻው ብላኛለችና ተወው ይጨርስ አልኩት። ሲዲው የመጨረሻዋ አውታር ዝም ስትል እሱም ዝም ይላል። ፍላሿ ግን ዝም አላለችም። ንዝረቱ እየቀጠነ ሄደ። ወንበር ተንቋቋ። ጌጡ ተነፈሰ፣ ትንፋሹን ሰማሁት። ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። እሱም በገናውን ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥ ተሰማኝና፣ «መጣሁ ሆዴ፣ መጣሁ» አለ።

ያ ቃል የኔ ነው። እሱ ሕፃን ሳለ ካስተኛሁበት ሲያለቅስ፣ ከበረት ይሁን ከጓሮ፣ እጄ ሊጥም ሆነ እበት፣ እየሮጥኩ የምለው እንዲሁ ነበር። ሰምቶ ይዞታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባይነህ፣ «ይሄ እንኳ ቆሻሻ ድምፅ ነው፤ ለሲዲው ሲያጸዱት ቆርጠው የጣሉት ነው። የጎረቤት ድመት ናት» አለኝ። «አዎ፣ ድመት ናት» አልኩት። ኮከቤ አየችኝ፤ እሷም ወላጅ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ «ድመት ናት እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አለች። ፍላሿን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።

ቤት እንደደረስኩ ፍላሽ የምትቀበለዋን ትንሽ ሬዲዮ የጌጡ አባት ጆሮ ላይ ለጠፍኳት። «ምን ይላል?» አሉኝ። «መጣሁ ይላል» አልኳቸው። «ማንን ነው?» አሉኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ብድግ ብለው በረት ወረዱና፣ ለቅዳሜ ገበያ ያሰቡትን ሙክት «ለፋሲካ ይቆይ» ብለው መለሱት።

አንቺንም አሰብኩሽ። በአርባው ዕለት፣ መኪና ያመልጠኛል ብለሽ እህል ሳትቀምሺ ተጣድፈሽ ስትሄጂ ቅር ብሎኝ ነበር። አቅፌ ስስምሽ የቀሚስሽ ደረት ረጥቦ ነበር። እንባ መስሎኝ ነበር፤ አንጀቴ። ያን ሁሉ መንገድ እንደዚያ ሆነሽ ብቻሽን መጥተሽ ብቻሽን ተመለስሽ።

እኔ እኮ የምቆጣ ሴት አይደለሁም። የጌጡ አባትም ጮክ ብለው የሚያወሩት ጆሯቸው ስለደከመ ነው እንጂ ቁጣ አያውቁም። ቤታችን ሲገቡበት የሚያስፈራ ቤት አይደለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ትንሽ ባና ብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ። የነጯን በግ ፀጉር ራሴ ፈትዬ ያሠራኋት ናት፤ እንዳትኮሰኩስ ብዬ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ ነው የፈተልኩት። ሸማኔው፣ «እንዲህ የምታንስ ባና ለማን ትሆናለች?» አለኝ። «ለድመት» አልኩት። አሁን ቁመቷ የት እንደደረሰ ስለማላውቅ ትንሽ አስረዝሜያታለሁ።

ይበልጣል ወይ ላልሽኝ፣ እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ። በገናው ያው ነው፣ ዜማውም ያው ነው፤ በዚያ አይበልጥም። ገንዘብ ከፍለው ለጥራቱ ብለው የሚያወርዱት ካሉ አባይነህ ጋ ይምጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይስሙት። ለኔ ግን ይበልጣል።

ልጄ ለፋሲካ መጥቶ የሚነግረኝ ነገር ነበረው። ነግሮኛል፤ ሰምቻለሁ። ማየት ነው የቀረኝ። ለፋሲካ ኑ።

ጡትሽ አይንጠፍ፣ ጎንሽ ብርድ አይግባው። ደጃፍሽን መልአክ ይጠብቀው፤ የሄደውን ልጄን ነፍሱን ይማርልን፣ ያስቀረልንን ያሳድግልን። የጌጡ አባት ጉንጭ ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ ብለዋል፤ የማንን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

የጌጡ እናት፣
እናትሽ