ማን ነው ያለቀሰው?

ረቡዕ

ዮናስ ድምፄን ቀድቶብኛል። በልቅሶ ቤት! የእድር ድንኳን ውስጥ ስልኩን ጋቢው ሥር ደብቆ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ቴሌግራም ላይ የገዛ ድምፄን ሰማሁት።

የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ሚኪ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም። እናቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስትነጭ ምን ልበላት? አልዓዛር ሲሞት ጌታም እንዳለቀሰ ነገርኳት። «በሰውነቱ እንዳንቺ አለቀሰ፤ አምላክነቱንማ ምን ያስለቅሰዋል» አልኳት። እጇን ከፀጉሯ አወረደች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣች።

ዮናስ ከድምፄ ሥር «ክርስቶስን ለሁለት የከፈለች አስተማሪ» ብሎ ጽፏል። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ምክትሌ ነው። ቦታዬን ሲመኝ እንደኖረ የማያውቅ የለም፤ እንዲህ ይቸኩላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሐሙስ

የደብሩ አለቃ አስጠሩኝ። ሻይ አዘው፣ ስለ ጤናዬ ጠይቀው፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ። መለኮትና ትስብእት፣ አምላክነቱና ሰውነቱ፣ ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል አንድ ሆነዋል፤ ይሄኛው አለቀሰ፣ ያኛው አስነሣ ማለት አባቶች ጥንት ያወገዙት ክህደት ነው አሉኝ። አውቃለሁ። ለልጆቹ ራሴ ያስተማርኩት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን ትምህርት መስጠቴ አልነበረም፤ አንዲት ሴት እንዳታብድ እየያዝኩ ነበር።

በግል ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ። አይሆንም አሉ፤ ስሕተቱ በአደባባይ ስለተሰማ እርማቱም በአደባባይ ይሁን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። የሚያርመኝ ሊቅ ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ «አባትሽ» አሉ።

አባባ አንኮበር ትርጓሜ መጻሕፍት ያስተምራሉ። ደቀ መዝሙሮቻቸው ከመዘዞ ድረስ የሚመጡላቸው የኔታ ናቸው። እሳቸው ከሆኑማ ብዬ ደስ አለኝ። ጅል!

ቅዳሜ

አባባ መጡ። ጉሙ መንገድ ላይ ይዟቸው ዘግይተዋል። እግራቸውን አጠብኩ። ሹሮ ሠራሁ። ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ጠየቁኝ። ስለ ነገው አንድም ቃል የለም።

መጨረሻ ላይ አላስችል ሲለኝ፣ ነገ ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነገ አባትሽ አይደለሁም» አሉኝ።

ማዕዱን ባርከው አልጋዬ ላይ ተኙ። እኔ መሬት አነጠፍኩ።

እሑድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ምእመናኑ ቅዳሴው አልቆም አልሄዱም። ልቅሶ ላይ ያልመጡት ሁሉ ለዚህ መጥተዋል። ዮናስ ከፊት ቆሞ ስልኩን ደቅኗል፤ ዛሬስ መደበቅም አላስፈለገውም።

አባባ «ማን ነው ያለቀሰው?» አሉ። ጌታችን አልኩ። «በምኑ?» አሉ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። አላዩኝም፤ ከራሴ በላይ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

«ያለቀሰው ሰው የሆነው አምላክ ራሱ ነው። በይ።»

አልኩ። ከኋላ አልተሰማም፣ ጮክ በይ አሉኝ አባባ። ጮክ ብዬ አልኩ። አንዳንዶቹ እልል አሉ። በቃ ያበቃል ስል፣ አባባ ከዛሬ ጀምሮ እንዳላስተምር ከለከሉኝ። አለቃው እንኳ ደንገጥ አሉ፤ እሳቸው ያን ያህል አልጠየቁም ነበር።

ያን ጊዜ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ጥቁሯን እንደለበሰች። መምጣቷን አላየሁም ነበር።

«የኔታ፣ ላስቸግርዎ። እግዚአብሔር ራሱ ነው ያለቀሰው?»

«ራሱ ነው፣ ልጄ።»

«ማስነሣት የሚችለው?»

«እሱው።»

«እኔ እኮ የሚያለቅሰው እንደኔ አቅም ያጣው መስሎኝ ነበር የተጽናናሁት። አልዓዛርንስ አስነሣው። ለኔ ልጅ እየቻለ ነው ለካ አልቅሶ ዝም ያለው።»

ወጣች። አባባ «ልጄ...» ብለው ሁለት እርምጃ ተከተሏት። አለቃው ቶሎ ብለው «አቡነ ዘበሰማያት» አስጀመሩ።

ሰኞ

አስካለ ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም፤ እህቷ በአጥሩ በኩል ነገረችኝ። በሩን አንኳኳሁ። ለኔም አልከፈተችም። ዮናስ ተተኪ አስተማሪ ሆኖ መመደቡን ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ ጎርፎለታል።

አባባ በጠዋቱ መኪና መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም። ወደ አስካለ ቤት ሄደው ተመለሱ፤ እሳቸውንም አላስገባቻቸውም። ከቤቴ በር አጠገብ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ወደ እኔ ዞረው፣

«ምን ብዬ ልመልስላት?» አሉኝ።

በዕድሜዬ ሙሉ እኚህ ሰው የማያውቁትን ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ድምፃቸው ሰለለብኝ። መልሱን እኔም አላውቀውም። አላውቅም ማለት ግን አልፈለግሁም።

«ማስተማር ተከልክያለሁ፣ አባባ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። መልሴ ጣፈጠኝ፤ ምን ያስዋሸኛል። ጥቂት ቆየና አንገፈገፈኝ።

ተነሥተው ወጡ። አሁን የአስካለ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመስኮት ይታዩኛል። አልከፈተችላቸውም። ካፊያ ጀምሯል። ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ረስተውታል። ልወስድላቸው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይብረዳቸው እላለሁ፣ ደግሞ አንጀቴ አይችልም። እስካሁን አልወሰድኩላቸውም።