የሰኢድ ፈረስ ሮጧል ወይስ አልሮጠም?

ለተከበሩ አቶ ኃይለየሱስ
የደጋው ፈረሰኞች በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የውርርድ ትኬት ክፍሉም የበላይ ጠባቂ
አሰላ

ጉዳዩ፦ ሦስተኛ ስለወጣች፣ ግን ሦስተኛ የለም ስለተባለች ባዝራ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ አዲሱ መኪናዎ፣ በበዓሉ ዕለትም ከክብር እንግዶች መቀመጫ ላይ ሆነው ከእጅዎ ያልለዩት ድምጽ ማጉያ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሰላ ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ምናልባት ካስታወሱኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ሒሳብ ያስተማርኩዎ ተሻለች ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ቆጥሮ የማረም አመል ግን ከሰው ጋር ጡረታ አይወጣም።

ይህን ጉዳይ በቃሌ ላስረዳዎት ብዬ ከሰኞ እስከ ትናንት ረቡዕ ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኛለች። ትናንት ስብሰባው ስለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሚሆን ለመወሰን ነው አለችኝ። እንዲህ ያለውን ከባድ ሥራ ማቋረጥ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ደብዳቤዬን ከቢሮዎ አስገብቼ ቅጂውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ አውጥቼዋለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም። ፈረስ ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ትኬቱ ነው። እርስዎ እስኪመጡ ድረስ እኛ የምናውቀው አንደኛ የወጣው እልልታ፣ መጨረሻ የወጣው ደግሞ እስከ ሌላው ዓመት የሚዘልቅ ቀልድ እንደሚደርሰው ብቻ ነበር። እርስዎ ሁለት ዓይነት ትኬት አስተማሩን። «አሸናፊ» የሚባለውን የቆረጠ ሰው ፈረሱ አንደኛ ካልወጣለት ባዶ እጁን ይገባል። «ደረጃ» የሚባለውን የቆረጠ ግን ፈረሱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከወጣለት ይበቃዋል፤ ለዚህ ምቾት ሲባል ትርፉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብታሸንፍ በአንድ ብር ሃያ ብር ታተርፋለች የተባለች ፈረስ፣ በደረጃ አምስት ብር ታተርፋለች፤ የተቆረጠበት ብርም አብሮ ይመለሳል። የሰው ሁሉ ዓይን ባረፈበትና በአንድ ብር ሁለት ብር ብቻ በሚያተርፈው በዚያ ዳማ ፈረስ ላይ ደረጃ የቆረጠ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም አትርፎ ይመለሳል። ስለዚህ ደረጃ የሚያዋጣው ሰው ባልጠበቀው ፈረስ ላይ ነው። ይህ ሐቀኛ ሒሳብ ነው። ለጎረቤቶቼ በደስታ ነው ያስረዳሁት፤ አሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ማስረዳቴ ነው።

ከጎረቤቶቼ አንዱ እንደሻው ይባላል፣ የጋሪ ሰው ነው። ቡላ ባዝራውን ከወንድሙ ጋር አዋጥተው ነበር የገዟት። ወንድሙ አምና ሞተ፤ የሟች ሚስት ልጆቿን ልታስተምርበት የባሏን ድርሻ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ጠየቀች፤ መብቷ ነው፣ ማንም አልተቀየማትም። ብሩን እስከ ፊታችን ቅዳሜ ካላገኘ ግን ባዝራዋ በዴራ ውሃ በጋሪ ለሚያስቀዳ አንድ ነጋዴ ልትሸጥ ነው። እንደሻው ባዝራዋን ከጋሪው ፈታና ለውድድሩ አስመዘገባት። የጋሪ ባዝራ ናት ተብሎ በአንድ ብር ሃያ ተጻፈባት። ከዚያ ያጠራቀመውን ሁለት ሺህ ብር ይዞ እኔ ቤት መጣና «ቲቸር፣ የቱን ልቁረጥ?» አለኝ።

እርሳስ አነሳሁ። ሁለት ሺህ በአምስት ሲባዛ አሥር ሺህ፤ የራሱ ሁለት ሺህ ሲመለስለት አሥራ ሁለት ሺህ። አንድ ብር ሳይተርፍ፣ አንድ ብር ሳይጎድል የወንድሙ ድርሻ። አንደኛ ትወጣለች ብለህ አትሳል፣ ሦስተኛ ትበቃሃለች አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ማንንም አልከስም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ የሒሳብ አስተማሪ ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ። ባለፈው እሑድ ስምንት ፈረሶች መነሻው መስመር ላይ ቆመው ባንዲራው ሊወርድ ሲል፣ ለጎበሳው ሰኢድ ስልክ ተደወለ። አጎቱ ሞተዋል። ሰኢድ «ሬሳ አስቀምጬ ጨዋታ አልጋልብም» ብሎ ጉራቻ ፈረሱን አዞረና ወደ ጎበሳ አቀና፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀለት። በዚህ አገር ፈረስ ከለቅሶ ቀርቶ ለእሽቅድምድም ይቆማል የሚል ሰው ስለሌለ ማንም አላጉረመረመም። እርስዎም ድምጽ ማጉያውን አንስተው ሐዘንዎን እንዲህ አሳምረው ሲገልጹ አጠገቤ የቆሙ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም የቀድሞ ተማሪዬ ንግግር አዋቂ ሆኖ በማየቴ ኮራሁ። ያላወቅነው ነገር ሐዘኑ በድምጽ ማጉያ ሲነገር፣ ቅነሳው በሹክሹክታ መሠራቱን ነው።

በትኬታችሁ ጀርባ ላይ ተልባ በሚያካክሉ ፊደላት፣ ተሰላፊዎች ከስምንት ካነሱ ደረጃ የሚታሰበው እስከ ሁለተኛ ብቻ ነው የሚል ተጽፏል። አንብቤው ነበር፤ ስምንት ተመዝግበዋልና አያሰጋም ብዬ አለፍኩት። ደንቡንም አልቃወምም፤ በሌላም አገር እንዲሁ ነው ይባላል፣ ፈረስ ሲያንስ ሦስተኛ መውጣት ይቀላልና ምክንያት አለው። ግን ድምጽ ማጉያው እጅዎ ላይ ነበር። ከዚያ ሁሉ ያማረ የሐዘን ንግግር በኋላ «ወገኖቼ፣ ሰባት ቀርተናል፣ ሦስተኛ አይከፈልም፣ የፈለገ ትኬቱን ይመልስ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመር ጉሮሮዎ ይጎዳ ነበር ብዬ አላምንም። የትኬት መስኮታችሁ ግን ባንዲራው እስኪወርድ ድረስ ደረጃ፣ ደረጃ እያለ ሲሸጥ ነበር።

ዳማው አንደኛ ገባ፣ የዲክሲሱ አምባላይ ፈረስ ተከተለው፣ ከዚያ የእንደሻው ቡላ ባዝራ ደረቷ ላይ የጋሪው ማሰሪያ የላጠው ጠጉር ሳይሸፈን ሦስተኛ ገባች። እንደሻው ከላይዋ ወርዶ አንገቷን አቀፈና ወደ እኔ ሮጠ። «ቲቸር፣ ሦስተኛ ናት አይደል? ቆጥረዋል?» አለኝ። ቆጥሬአለሁ አልኩት። ወደ መስኮቱ ሄዶ ትኬቱን እንደያዘ ተመለሰ። «ሦስተኛ የለም አሉኝ» ብሎ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛ። በሰኢድ ጉራቻ ላይ ትኬት የቆረጡ የጎበሳ ሰዎች፣ ፈረሳችን አልሮጠምና ብራችንን መልሱልን ብለው ወደዚያው መስኮት ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ ፈረሱ ተመዝግቧል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ መስመር ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ሮጦ እንደተሸነፈ ይቆጠራል የሚል ነበር። ልብ በሉልኝ፤ እንደሻው ሲጠይቅ የሰኢድ ፈረስ አልሮጠም፣ ስለዚህ ሰባት ናችሁ። የጎበሳ ሰዎች ሲጠይቁ ያው ፈረስ ሮጧል፣ ያውም ተሸንፏል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር፣ አንድ ፊደል በአንድ ጥያቄ ውስጥ አንድም ዜሮም ሆኖ የተገኘው ከወንበራቸው ዝቅ ብለው የጎረቤት ወረቀት በሚገለብጡ ተማሪዎች ዘንድ ብቻ ነበር።

እኛ የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱን ይምረጡልን። ፈረሱ ሮጧል ካሉ፣ ስምንት ነበርንና ሦስተኛን ይክፈሉ። አልሮጠም ካሉ፣ የጎበሳን ሰዎች ብር ይመልሱ። በእኛ አገር አንድ በሬ ሁለት ጊዜ አይታረድም፤ እናንተ ግን የሌለ ፈረስ ሁለት ጊዜ አርዳችሁ ሁለቱንም ጊዜ ቅርጫውን ለብቻችሁ ወሰዳችሁ። እርግጡን ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጉራቻው የት እንደነበር የጎበሳ ለቀስተኛ ሁሉ ይመሰክርልዎታል።

አራተኛ። ሦስተኛውን በመዝለሌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ኮሚቴዎ ሦስተኛ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ስለተረዳሁ ደንባችሁን ለማክበር ብዬ ነው። ሰኞ ጠዋት በቢሮዎ በር ላይ የለጠፋችሁት የውጤት ወረቀት አንደኛ ብሎ የዳማውን፣ ሁለተኛ ብሎ የአምባላዩን ስም ከነባለቤታቸው ይዘረዝራል። በሦስተኛው መስመር ላይ ሰረዝ አለ። እንደሻው ከወረቀቱ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ብሩ አልነበረም። ብሩ ባይሆን እንኳ ስሟን ይጽፉላት ይሆን ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ለብዙ ጥያቄ መልስ ሰጥቻለሁ፤ በዚህኛው ግን አፈርኩ። ማፈር የነበረብኝ እኔ እንዳልነበርኩ የገባኝ ቤቴ ስገባ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ጊዜዎን በዚህ ማባከኔን አውቃለሁ። ነገር ግን ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላልና፣ የራሳችሁ ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፍርዱን ሰጥተዋል፤ ለእኔ የቀረኝ መገልበጥ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ደግሞ ይባላል። ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ሞኟ እኔ ልሁንና አልለቅም። ነጋዴው ቅዳሜ ይመጣል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ስሟ እንዲጻፍላት፣ ትኬቱም እንዲከፈል ሁለት ቀን ከበቂ በላይ ነው፤ ለመቀነስ የፈጀባችሁ አንድ ደቂቃ እንኳ አልነበረም።

ለደጋው ሕዝብ የፈረስን ሒሳብ ስላስተማሩ፣ ሐዘንን ሳይቀር ወደ ትርፍ መለወጥ እንደሚቻል ስላሳዩን፣ ጸሐፊዎም ወንበር ስላቀረበችልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲያልቅ፣ የሚቀጥለውም ከዚህ ያነሰ እንዳይሆን እየተመኘሁ፣

በከፍተኛ አክብሮት፣ ከዚያው ያልተቀነሰ ቁጥር ጋር፣
መምህርት ተሻለች
የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ፣ አሰላ

ግልባጭ፦
ለሰኢድ ጉራቻ፣ እንደ ጠያቂው ባለበት ወይም በሌለበት

ድኅረ ጽሑፍ፣ እሑድ

ይህ ደብዳቤ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ስላደረ ቅዳሜ ቀደመዎት። ነጋዴው ኢሱዙ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እንደሻው ግን መኪና ላይ አላስጫናትም ብሎ ባዝራዋን እስከ ዴራ በእግሩ እየሳበ ወሰዳት። ዛሬ በሚኒባስ ልጓሟን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። «ቲቸር፣ እርስዎ አልተሳሳቱም» አለኝ። ከሚያጽናናኝ ቢሰድበኝ በቀለለኝ ነበር።

ስለዚህ ለእንደሻው የለመንኩት ጊዜው አልፏል፤ የጎበሳን ሰዎች ግን እንዳይረሱ። ለራሴ የምጠይቀው አንድ ትንሽ ነገር ነው። በ1989 ዓ.ም. በስምንተኛ «ለ» ክፍል ትንቢት የምትባል ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ነበረች። በማጠቃለያው ፈተና ሳምንት አባቷ ሞቱባትና ወደ ዲክሲስ ለቅሶ ሄደች፤ አልተፈተነችም። እርስዎ አራተኛ ነበሩ፤ እሷ ስትጎድል ሦስተኛ ሆኑ። በሰልፉ ላይ አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለሙ፤ እናትዎም ባንዲራው ሥር ቆመው እልል አሉ። ክፍሉ አንድ ተማሪ ጎድሎበታልና ሽልማቱ እስከ ሁለተኛ ብቻ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ በሦስተኛው መስመር ላይም ሰረዝ ሳይሆን የእርስዎን ስም ጻፍኩ።

በኮሚቴዎ ደንብ ሲመዘን ያ ስሕተት ነበር። እባክዎ ደብተሮቹን ይመልሱልኝ። የተጻፈባቸው ቢሆኑም ግድ የለኝም፤ ሒሳቡን በቀይ አርሜ መልሼ እልክልዎታለሁ።