ለአባዬ የቀረችው ቃል

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬም አዎ። ማጭድ አሳየኋቸው፤ አዎ። የውኃ ጣሳ፤ አዎ። የእማዬን ነጠላ፤ አዎ። ደረቴን እየነካሁ «እኔ ማን ነኝ?» አልኳቸው፤ አዎ። ወረታ ውስጥ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል ፊደል ሳስተምር እንደ አባዬ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከመስቀል ማግሥት ስትሮክ ከጣላቸው ወዲህ ያለቻቸው ቃል ይቺ ብቻ ናት። እንቢ ማለት ሲፈልጉም የሚወጣቸው አዎ ነው፤ ራሳቸውም አብሮ ይነቀነቃል። ባሕር ዳር ያየቻቸው ሐኪም በግራ በኩል ያለው አንጎላቸው ደም ተቋርጦበት ቃል የሚያወጣው ቦታ እንደተጎዳ ነግራኛለች። «ማወቁ ግን አለ። ሁሉን ይሰማሉ፤ አጠገባቸው የምትናገሩትን እወቁ» ነው ያለችኝ።

ዛሬ አረጋገጥኩ። «ማጭዱ የቱ ነው?» ስላቸው በግራ እጃቸው ጠቆሙ። ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያየርኩ፤ ሦስቱንም አገኙት! እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አባዬን በባጃጅ ወስደን ቅጥሩ ሥር አስቀመጥናቸው። ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያት ሲል አባዬም አብረው አሉ። ከመጀመሪያው እስከ አሜን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ! እማዬ መሬት ሳመች፣ እኔ አለቀስኩ። ሲያልቅ «ውኃ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። አዎ። ጣሳውን ሳቀርብላቸው ገፉት።

ሐኪሟ ይህንንም ነግራኝ ነበር። ከልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው፤ አስበው የሚናገሩት አይደለም። ይህን ለማን ላስረዳ?

አጎቴ ሙላት፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ነበር። አስተያየቱ አላማረኝም። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።)

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የፈራሁት አልቀረም። እኔ ትምህርት ቤት፣ እማዬ ወፍጮ ቤት ሳለን ሙላት ሁለት ጎረቤት ይዞ መጣ። «አያ ታከለ፣ ርብ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳ ከመታመምህ በፊት ሰጥተኸኝ አልነበር?» አላቸው። አባዬ ምን ይበሉ! አዎ። ምስክር ተገኘ።

ሩዙ ደርሷል፤ ሰኞ ልናጭድ ነበር። ያ ማሳ ከሄደ የሚቀረን በየክረምቱ ውኃ የሚተኛበት ቁራሽ መሬት ነው። ምን ልንበላ ነው?

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። «አጎቴ፣ አዎ እኮ ለሁሉም ነው የሚሉት» አልኩት።

«አቡነ ዘበሰማያትን የጨረሰ አንደበት አዎን አያውቃትም ልትዪኝ ነው? እግዜር የፈታለትን አፍ አንቺ ልትዘጊው?»

ዓይኑን በጨው ያጠበ! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቀኑን ሙሉ ልምምድ። ሁለት ወረቀት። አንዱ ላይ ማሳውን ከአባዬና ከእማዬ ጋር ሣልኩ፣ ሌላው ላይ ከሙላት ጋር። አፍንጫውን አልማርኩትም። «ማሳው የማን ነው?» አሥር ጊዜ ጠየቅሁ፤ አሥሩንም ጊዜ የራሳቸውን ጠቆሙ። በመጨረሻ የሙላትን ወረቀት ጨምድደው ወረወሩትና ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የዛሬ ገና ነው። ሌላ ሣልኩ።

ነገ እናሸንፋለን።

እሁድ፣ ኅዳር 15

የሆነውን ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ መሃል የተቀመጡት ቄስ አገኘሁ የሚባሉት ናቸው። ግቢያችን በሰው ሞልቷል። ወረቀቶቹን ዘረጋሁ፤ አባዬ በትክክል ጠቆሙ። ሙላት ሳቀ። «የአንደኛ ክፍል ተማሪ አድርጋ አሠልጥናው ነው። ቃሉን ጠይቁት እንጂ!»

ቄሱ ጠየቁ። «ታከለ፣ ማሳውን ለሙላት ሰጥተኸዋል?»

አዎ። ግንባራቸው በላብ ራሰ።

ተነሣሁ። «አባቶቼ፣ አንዴ እኔ ልጠይቃቸው። አባዬ፣ እርስዎ ሴት ነዎት?» አዎ። ሰው ሳቀ። «የወለደችዎት ይቺ ውሻ ናት?» አዎ። ሳቁ ባሰ። ሙላት «እየቀለደ እኮ ነው፤ ድሮስ ቀልደኛ አልነበር?» አለ። እውነቱን ነው፣ ቀልደኛ ነበሩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ማሳው ሲሄድ ታየኝ።

ሰይጣን አሳተኝ ልበል? አይ፣ እኔው ነኝ። አስቤበት ነው ያልኩት።

«አባዬ፣ አዲሱን ርብ ውስጥ ገፍተው የጣሉት እርስዎ ነዎት?»

አዲሱ ወንድሜ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ክረምት፣ በሃያ ዓመቱ፣ ጎርፍ ወሰደው። አባዬ ተከትለውት ዘለው ገብተዋል። እሳቸውን በገመድ ጎትተው ካወጧቸው ሰዎች ሁለቱ ዛሬ ለሽምግልና የተቀመጡት ናቸው።

«አዎ» አሉ።

ራሳቸው ተነቀነቀ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በግራ እጃቸው አፋቸውን አፈኑ፤ ከእጃቸው ሥርም አዎ፣ አዎ፣ አዎ ይላል። እማዬ ጮኸች። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሙላት እንኳ አንገቱን ደፋ።

ቄስ አገኘሁ ብድግ አሉ። «በቃ! ይህ ቃል ቃል አይደለም። ማሳው የታከለ ነው።»

አሸነፍን። ማንም ዓይኔን ያየኝ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሩዙ እየታጨደ ነው። ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ላጎርሳቸው ብል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እማዬ «ጾም ስለገባ ነው ልጄ፣ ሰዓት እየጠበቁ ነው» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ከእሷ እጅ ጎረሱ። በበሩ አየኋቸው።

ወረቀት አመጣሁ። አንዱ ላይ እሳቸውንና እኔን ሣልኩ፣ ሌላው ላይ እሳቸውን ብቻቸውን። ይጠቁሙልኝ አልኩ፤ ለመንኩ። ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ በአፌ ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ ይቅር ይሉኛል?»

«አዎ» አሉኝ፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ። ይህ ቃል ቃል አይደለም ያስባልኩት እኔ ነኝ።