ያላነበብኩት ማመልከቻህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ትናንት ግን ገለምሶ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደ አዲስ ሞትክብኝ። ይህን ስጽፍልህም ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

አማቴን እትዬ ጥሩወርቅን ታስታውሳቸዋለህ፣ በሠርጌ ቀን ከጎንህ የተቀመጡትን። እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እግራቸው መጎተት ሲጀምር ሰፈሩ እንደ ልማዱ የጫት ሐራራ ነው አለ። ላንተም እጅህ ሲንቀጠቀጥ እንዲሁ ብለውህ ነበር እኮ፤ ቅጠሏን ቀምሰሃት ለማታውቀው ሰው! እኔም ልቤ ጠርጥሮ የኮትህን ኪስ ፈትሻለሁ፣ ይቅር በለኝ።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። የቺሮው ሆስፒታልና የገለምሶ፣ የበደሳ፣ የቦኬ ጤና ጣቢያዎች ተያይዘዋል። ገጠሬው ከተማ በሚወጣበት በገበያ ቀን እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ይመረመራሉ። ነርሷ ሲስተር ጫልቱ እዚያው ሆና ለቺሮው ሐኪም ትደውላለች፣ መድኃኒቱ በሚኒባስ ይመጣል፣ ሰውነት የሚያፍታታው ባለሙያም በየከተማው ይዞራል። በሽተኛው በሄደበት አብራው የምትሄድ አንዲት ደብተር አለች። እኛ ሐኪም ፍለጋ ስንንከራተት በየበሩ ከሀ እንጀምር አልነበር?

ትናንት እትዬን ይዣቸው ስሄድ ሲስተር ጫልቱ ወረቀት ሰጥታ ስማቸውን ደጋግመው እንዲጽፉ ጠየቀቻቸው። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሲቀጥሉ ግን ፊደሉ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ሰሊጥ አከለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳቅ ካቆሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው ጠየቀችኝ። በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ ፊትንም እንደሚያስር፣ ሰውየው በውስጡ እየሳቀ ፊቱ እንደማይታዘዘው በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳችን። ክው አልኩ! አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

አባዬ፣ በሠርጌ ቀን አልሳቅክም። ሰው ሁሉ ሲጨፍር አንተ ድርቅ ብለህ ታየኝ ነበር። ባሌን ጠልቶት ነው ብዬ ያዝኩብህ። ሲብስብህ ወደ ቤቴ አምጥቼ አስታመምኩህ፣ ቂሜን ግን አልጣልኩም። ቀብርህ ላይም አብሮኝ ቆሞ ነበር፤ ይኸው፣ ነገርኩህ።

በሠርጌ ቀን የታጠፈች ወረቀት ሰጥተኸኝ ነበር። ቺሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ዕድሜ ልክህን ለሰው ማመልከቻ የጻፍክ፣ ፊደልህ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ሰው፣ ለገዛ ልጅህ ሲሆን የጉንዳን ሰልፍ! ለእኔ ሲሆን ሰልችቶት ሞነጫጭሮ ሰጠኝ ብዬ ሳላነብ ሻንጣ ውስጥ ወረወርኳት። ደንበኞችህ በዚያው ሰሞን ለምን እንደሸሹህ እንኳ አልጠየቅኩም።

ትናንት ቤት እንደገባሁ ሻንጣውን ገለበጥኩት። ወረቀቷን በስልኬ አንስቼ አጎላኋት። እንዲህ ትላለች፦

«ለልጄ ለሰናይት። ጉዳዩ፦ ደስታዬን ስለማሳወቅ። እኔ አመልካች አባትሽ ፊቴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ድምፄም አንሷል። ልጁን ወድጄዋለሁ። ስለዚህ ስቄ እንደዳርኩሽ ተቆጥሮ እንዲታወቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ወይኔ አባዬ! ሾርባ ሳጎርስህ ዓይን ዓይኔን ታየኝ የነበረው ለካ መልስ እየጠበቅክ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ነፈግኩህ።

የቺሮው ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በዛሬው ሚኒባስ መጥቶ እትዬ ጀምረዋል። እኔም ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ ጤና ጣቢያው በር ላይ ልቀመጥ ለሲስተር ጫልቱ ቃል ገብቻለሁ። ለሚመጣው ቤተሰብ ሁሉ፣ ፊቱ የደረቀባችሁን ሰው ሳትቀየሙ መጀመሪያ አሳዩት እላለሁ። በእያንዳንዳቸው ፊት አስብሃለሁ፤ እስካለሁ አልረሳህም።

ማመልከቻህ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶኛል አባዬ። ስቀህ ድረኸኛል።

ልጅህ ሰናይት