ጭራውን ስለሚቆላው ተሳቢዎ

“አባል ግሌን ሆልትማን ‘ተሳቢው ሳይመዘን አይነሣም’ እያሉ የማኅበሩን ደስታ ስለሚያደፈርሱ፣ ከዘንድሮው የበጋ ጉዞ እንዲቀሩ ተወስኗል። ጉዳዩ ተዘግቷል።”

ለተከበሩ አቶ መርል ስታድለር፣ የሳጅ ክሪክ የተሳቢ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበርና የእህቴ ባለቤት፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሁሉም ጎማዎችዎ ላይ ቆመው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከላይ ያለውን ውሳኔ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ከመላው አባል ጋር እንዳነበው ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ለእንዲህ ያለ አክብሮት በጋዜጣ ካልሆነ በምን ይመለሳል?

1. ባለፈው ወር ለሙከራ ጉዞ ስንዘጋጅ፣ በመኪና የሚጎተተው ተሳቢ ቤትዎ እንደታሰረ የፒክአፕዎ ኋላ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ። መፍትሔው ጭነት መቀነስ ወይም ክብደቱን የሚያከፋፍል ማሰሪያ መግጠም ነበር። እርስዎ ግን የማኅበሩ እራት የሆነውን የቺሊ ወጥ የምንቀቅልባቸውን ብረት ድስቶች፣ ማገዶውንና ጄኔሬተሩን በሙሉ ወደ ተሳቢው ጀርባ አሸጋግረው መኪናዋን አቃኗት። “አየህ ኢንጂነር፣ ቀጥ አለች! ዲግሪህ ይቺን አላስተማረህም?” ብለውም ሕዝብ አሳቁብኝ። እኔም በትሕትና እንደነገርኩዎ፣ ክብደት ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት አፉ መኪናውን ተጭኖ መያዝ ሲገባው፣ የተሳቢው ኋላ ከከበደ መኪናውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ተሳቢው የራሱ ጌታ ይሆናል።

2. ሆነም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቢያልፍዎ፣ ተሳቢዎ ጌታውን እንዳየ ውሻ ጭራውን እየቆላ ሁለቱንም መስመር ሲጠርግ ከኋላዎ ሆኜ አየሁ። ስንቆም እህቴ ዶሪን ፊቷ አመድ መስሎ ወረደች። “ነፋስ ነው እኮ የኔ እመቤት! ዋዮሚንግ ውስጥ ነፋስ አይተሽ አታውቂም?” አሏት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ላደገች ሴት ይህን ስለገለጹላት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3. የተሳቢውን ፍሬን ከሹፌሩ ወንበር የሚያዝዘውን መሣሪያ “የፈሪ መጫወቻ” ብለው አላስገጠሙም። የዘንድሮው መንገድ ደግሞ የኮልድ ስፕሪንግን ቁልቁለት ይወርዳል። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ያለችኝም አንድ እህት ናት።

ስለዚህ የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ጎማዎች ትንሽ ወደፊት ያድርጉት፣ የፍሬኑን ማዘዣ ያስገጥሙ፣ ከዚያም ተሳቢዎን ይዘው በእህል ጎተራው የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አንዴ ይውጡ። በጉዞው መካተት አለመካተቴን እንደወደዱ ያድርጉት። ይህን ስለመፈጸምዎ እስከ ጁላይ 10 ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ፤ ትከሻዬን መታ መታ ማድረግዎ እንደ መልስ አይቆጠርም።

በቁልቁለት ላይ ፍሬንዎ፣ በስብሰባ ላይ ጆሮዎ እንዲሠራ የሚጸልይልዎ፣ ከጉዞ የተሰረዘው አማችዎ
ግሌን ሆልትማን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶሪን ይህን ደብዳቤ ሳይላክ አንብባ፣ አንድም ቃል ሳትለውጥ ትራሷን ወደ እኔ መኪና አዛውራለች፤ እርስዎ እስኪመዘኑ ድረስ ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ድስቶቹንም ይዛቸው መጥታለች። ስለዚህ አባላት ሊቀ መንበሩን ይከተሉ ወይስ እራታቸውን፣ ጉዳዩ እንደገና ተከፍቷል።